የዛፉ አናት ቢቆረጥ ቤቱ ይድናል? ከሂዩስተን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በደቡብ ምዕራብ ሂዩስተን፣ በ1970ዎቹ በተሠራ ሰፈር ይኖራሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቤታቸው ፊት ለፊት የግንዱ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር 30 ኢንች የሚሆን፣ ላይቭ ኦክ የሚባል የኦክ ዛፍ አለ፤ በጓሮ ደግሞ ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ 12 ጫማ ያህል ርቆ ዎተር ኦክ የሚባል ሌላ ዓይነት ረጅም ኦክ ቆሟል። ጁላይ 8 ቀን 2024 የደረሰው ሀሪኬን ቤሪል የተባለ ከባድ ማዕበል የጎረቤታቸውን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ጋራዥ ላይ ጥሎታል። ከዚያ ወዲህ አብረዋቸው የሚኖሩት እናታቸው ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንቅልፍ አጥተዋል፤ «ሁለቱንም አስቆርጣቸውና እንረፍ» ይላሉ። በር አንኳኩቶ የመጣ አንድ ሰው ደግሞ የሁለቱን ዛፎች አናት በ1,800 ዶላር ቆርጦ፣ ውስጣቸውንም «አጽድቶ» ነፋስ እንዲያሳልፉ ሊያደርጋቸው ተስማምቷል። ከዚህ በተጨማሪ የላይቭ ኦኩ ሥር የመኪና መግቢያውን ሲሚንቶ እያነሣ መሆኑን፣ በቅርንጫፎቹም ላይ ግራጫ ኳስ የሚመስል ነገር መብዛቱን ጠያቂያችን ገልጸዋል።

ሰውየውን አያሠሩት። እናትዎ የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱ ዛፎች አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። የፊቱ ላይቭ ኦክ በጥቂት ወጪ ተይዞ ሊቆይ የሚገባው ዛፍ ነው፤ የጓሮው ዎተር ኦክ ግን ከገለጻዎ እንደምረዳው ተመርምሮ ሙሉ በሙሉ ሊወገድ የሚገባው ሳይሆን አይቀርም። አናት መቁረጥ ለሁለቱም አይሆንም፤ ሊቆይ የሚገባውን ያበላሻል፣ ሊወገድ የሚገባውንም ከቀድሞው የባሰ አደገኛ አድርጎ ያቆየዋል።

አናት ስለ መቁረጥ ትንሽ ላብራራ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በዚህ የምንታለለው ካደግንበት ልማድ የተነሣ ነው። በአገራችን ዛፍ መቁረጥን የተማርነው ከባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቡቃያውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጠና ሆኖ ይሸጣል፣ ጉቶውም እንደገና ያቆጠቁጣል። አናቱ የተቆረጠ ኦክም በእርግጥ ያቆጠቁጣል፤ ልዩነቱ አጠናው ሳይከብድ የሚቆረጥ ሰብል መሆኑ፣ ከጣሪያዎ በላይ የሚያድገው ቡቃያ ግን ዓመት ከዓመት እየረዘመና እየከበደ የሚሄድ መሆኑ ነው። ከዛፉ ጋር አብሮ ያደገ ቅርንጫፍ መነሻው በግንዱ ውስጥ ነው፤ የግንዱና የቅርንጫፉ እንጨት በየዓመቱ እየተደራረበ ያስተሳስረዋል። ከተቆረጠው ጫፍ ዙሪያ የሚወጣው ቡቃያ ግን የተጣበቀው በውጪው ስስ ንብርብር ላይ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ሰፊ ቁስል እንደ ሂዩስተን ባለ ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ ለፈንገስ የተመቸ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ዛፉም አብዛኛውን ቅጠሉን ስላጣ ቁስሉን ለመዝጋት የሚያስፈልገውን ምግብ መሥራት ይሳነዋል፣ በሥሩ ያጠራቀመውንም ቡቃያ ለማውጣት ይጨርሰዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉ ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ነው፤ ሆኖም በመበስበስ ላይ ባለ ጫፍ ዙሪያ የተጣበቁ ረጃጅም ቅርንጫፎችን ተሸክሞ ቀጣዩን ማዕበል ይጠብቃል።

«ውስጡን ማጽዳት» የሚባለውም ከዚህ ብዙ የተሻለ አይደለም። በዋናው ቅርንጫፍ ርዝመት ላይ ያሉት ትናንሽ ቅርንጫፎች ነፋስ ሲመጣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አቅጣጫ ስለሚወዛወዙ የዋናውን መወዛወዝ ያበርዱታል። እነርሱ ተመልምለው ቅጠሉ ጫፍ ላይ ብቻ ሲቀር ክብደቱና ነፋስ የሚመታው ክፍል ሁሉ ወደ መጨረሻው ይሸሻል፤ ቅርንጫፉም መሐል ላይ ይሰበራል። ሂዩስተን ውስጥ በዚህ መንገድ የተራቆቱ ላይቭ ኦኮች በየመንገዱ አሉ፤ ባለቤቶቻቸውም አምሮላቸው እንደሆነ ያስባሉ።

አሁን ሁለቱ ኦኮች እንዴት እንደሚለያዩ እንመልከት። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1992ቱ ሀሪኬን አንድሩ በኋላ፣ ቀጥሎም በ2004 እና በ2005 ከመጡት ሀሪኬኖች በኋላ የወደቁትንና የቆሙትን የከተማ ዛፎች በየዓይነታቸው መዝግበዋል። ላይቭ ኦክ ነፋስን በመቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ተሰልፏል፤ ቦልድ ሳይፕረስ፣ ማግኖሊያና ክሬፕ መርትልም አብረውት አሉ። ዎተር ኦክ የተመደበው ደካማ ከሆኑት ወገን ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። ላይቭ ኦክ ወደ ጎን የሚሰፋ፣ ቁመቱ ያልበዛ፣ እንጨቱ እጅግ የጠነከረ ነው፤ የቆሰለውን ክፍል ከጤናማው ለይቶ የማጠር ችሎታም ስላለው መቶ ዓመታትን ያስቆጥራል። ዎተር ኦክ በፍጥነት ያድጋል፣ ጥላውም ቶሎ ይደርሳል፣ በዚህም ሳቢያ በግቢዎች ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ በተቆረጠበት ወይም በተሰበረበት በኩል የገባ ብስባሴ በግንዱ ውስጥ ወደ ታች ይጓዛል፣ ዛፉም ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይጃጃል። ሰፈርዎ ሲሠራ ተተክሎ ከሆነ የእርስዎ ዎተር ኦክ ወደዚህ ዕድሜ እየተጠጋ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረ ከሆነም ምናልባት አልፎታል።

ስለዚህ ወደ ጓሮ ይውጡና የሚከተለውን ይመልከቱ። በግንዱ ግርጌ ወይም በሥሮቹ ላይ መደርደሪያ የሚመስል፣ ጠንካራና ቡናማ እንጉዳይ ካለ ሥሩ ወይም የግንዱ መነሻ በውስጥ እየበሰበሰ ነው። ግንዱን ዙሪያውን በጎማ ወይም በእንጨት መዶሻ ሲመቱት አንዱ ወገን እንደ ከበሮ ቢያስተጋባ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከቀድሞው ይልቅ ዘንበል ካለ፣ ካዘነበለበት በተቃራኒ ያለው አፈርም ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ቀን የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያ ወገን ባለው መኝታ ክፍል ማንም እንዳይተኛ አድርገው ባለሙያ ይጥሩ። የጭቃ መተላለፊያ ወይም ከቅርፊት ስንጥቅ የሚወጣ ጭቃ መሰል ነገር ካዩ ምስጥ ነው። በሂዩስተን አካባቢ በሰፊው የሚገኘው የፎርሞዛ ምስጥ የሞተ እንጨት ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያለ ዛፍ ልብም ይበላል፣ ከዛፉም ወደ ቤቱ ይሻገራል።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ባይታይ እንኳ ከመኝታ ክፍል በ12 ጫማ ርቀት ላይ ያለ፣ ያረጀ ዎተር ኦክ ማስወገዱን እኔ እመርጣለሁ። እዚህ ላይ ሰዎች የማያስቡት አንድ ጉዳይ አለ። ትልቅ ዛፍ በሸክላ አፈር ላይ ሲወገድ፣ ዛፉ ይጠጣው የነበረው ውሃ አፈሩ ውስጥ ስለሚቀር መሬቱ በቀጣዮቹ ወራትና ዓመታት ቀስ በቀስ ሊያብጥ ይችላል። በሮች አልከፈት ወይም አልዘጋ ማለት ከጀመሩ ወይም አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ወደ ፋውንዴሽን (የቤት መሠረት) ጥገና ውል ከመሮጥዎ በፊት የጥገናውን ሥራ ራሱ የማይሸጥ ኢንጂነር ያማክሩ።

ወደ ላይቭ ኦኩ እንመለስ። የሚያስፈልገው መግረዝ ጥቂት ነው፤ የደረቁትንና የተሰነጠቁትን ማውጣት፣ ጣሪያ የሚፍቁትን ማሳጠር፣ ከመጠን በላይ ረዝሞ ወደ ቤቱ የተዘረጋ ከባድ ቅርንጫፍ ካለ ጫፉን ወደ ጠንካራ የጎን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቅለል። በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሩብ በላይ መቀነስ የለበትም፤ ለትልቅና ለጎለመሰ ዛፍማ ከዚያም እጅግ ያነሰ ይበቃዋል። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ አንገትጌ ያበጠ ክፍል አለ፤ ቁስሉ የሚዘጋው ከዚያ በሚነሣው እንጨት ስለሆነ ያንን ሳይነኩ ከፊቱ ይቆረጣል። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መቁረጥም ሆነ ረጅም ቁራጭ መተው ስሕተት ነው። ሁለት እኩል ግንዶች በጠባብ የፊደል ቪ ቅርጽ ተጣብቀው ካደጉ፣ በመካከላቸውም ቅርፊት ከተቀበረ፣ ማዕበል የሚሰነጥቀው በዚያ ነው፤ እንዲህ ያለውን በብረት ገመድ ማሰር ይቻላል፣ ነገር ግን ገመዱ በየጊዜው መመርመር አለበት።

ወቅቱንም ይጠንቀቁ። ኦክ ዊልት የሚባል ኦኮችን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ አለ፤ በዋናነት የሚያጠቃው ማዕከላዊ ቴክሳስን፣ በተለይ የኦስቲንን አካባቢ ነው። በሽታውን ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ወደ ትኩስ ቁስል ስለሚያደርሱት የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የደን አገልግሎት ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን መጨረሻ ኦክ እንዳይገረዝ ይመክራል። በማንኛውም ወቅት ቢቆረጥም የኦክ ቁስል ወዲያው ቀለም ይቀባል። ይህ የኦክ ብቻ ደንብ ነው፤ በሌሎች ዛፎች ላይ ቀለም መቀባት ቁስሉን አያድንም። የሀሪኬን ወራት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ ስለሆኑ ለእርስዎ የሚመቸው ጊዜ ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ያለው ነው። በፌብሩዋሪና በማርች ደግሞ ላይቭ ኦክ አሮጌውን ቅጠል በአንድ ጊዜ አራግፎ አዲሱን ያወጣል፤ ሞተ ብለው እንዳይደነግጡ፣ በዚያን ሰሞን «ዛፍዎ ታሟል» ብሎ መድኃኒት ሊሸጥልዎ የሚመጣ ሰውም እንዳያሳስትዎ።

ከመጋዙ ይልቅ ግን ገንዘብዎና ትኩረትዎ መዋል ያለበት መሬቱ ላይ ነው። የዛፍ ሥር እንደ ግንዱ ቁመት ወደ ታች የሚወርድ ይመስለናል፤ እውነቱ አብዛኛው ሥር በላይኛው 18 ኢንች አፈር ውስጥ የሚገኝ መሆኑ፣ ስፋቱም ቅርንጫፎቹ ከሚደርሱበት እጅግ አልፎ የሚሄድ መሆኑ ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ሂዩስተን ያለው አፈር በአብዛኛው ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ሸክላ ነው፤ በአገራችን መረሬ ወይም ዋልካ ከምንለው ጥቁር አፈር ጋር የአፈር ሳይንስ ቨርቲሶል በሚል አንድ መደብ ውስጥ ያስቀምጠዋል። መረሬ ያረሰ ሰው እንደሚያውቀው ክረምት ሲጠግብ አየር አያስገባም፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። የእርስዎ ዛፍ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው።

የመኪና መግቢያው የተነሣውም በሥሩ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ አፈር ሥር በሌለበትም ሲሚንቶ ያነሣል። ጠጋኙ «ሥሩን ቆርጬ አዲስ ሲሚንቶ አፈስሳለሁ» ካለዎት ያስቁሙት። ዛፉን የሚያቆሙት ከግንዱ አጠገብ ያሉት ወፋፍራም ሥሮች ናቸው፤ ከግንዱ ውፍረት ሦስት እጥፍ በሚሆን ርቀት ውስጥ፣ ማለትም በእርስዎ ዛፍ 90 ኢንች ወይም ሰባት ጫማ ተኩል ያህል ድረስ፣ ምንም ሥር መቆረጥ የለበትም፤ አምስት እጥፉን ቢጠብቁ ይሻላል። በዚህ ክልል ውስጥ ሥሩ የተቆረጠበት ዛፍ ለዓመታት ለምልሞ ይቆይና በአንድ የዝናብና የነፋስ ሌሊት በተቆረጠው ተቃራኒ ወገን ይወድቃል። የሚሻለው መግቢያውን ከሥሩ አርቆ ማጠፍ፣ ወይም በዚያ ክፍል ሲሚንቶውን አንሥቶ በጠጠር ወይም በሚነሡ ንጣፎች መተካት ነው። ሰፊው የጥንቃቄ ክልል ለእያንዳንዱ የግንድ ውፍረት ኢንች አንድ ጫማ ይታሰባል፤ ለእርስዎ 30 ጫማ ዙሪያውን ማለት ነው። በዚህ ውስጥ የቧንቧ ጉድጓድ አይቆፈር፣ ከባድ መኪና አይቁም፣ አፈርም አይሞላ። ግቢ ለማስተካከል ተብሎ የሚደፋ ጥቂት ኢንች አፈር ብቻውን ሥር ያፍናል።

ድርቅን ሰዎች ከማዕበል ጋር አያያይዙትም፤ እኔ ግን በሂዩስተን የማዕበል ጉዳት ግማሹ የሚጀምረው በድርቅ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2011 ድርቅ በቴክሳስ ወደ 300 ሚሊዮን የሚጠጉ ዛፎች ሞተዋል፤ ከከተማ ዛፎች ብቻ 5.6 ሚሊዮን እንደጠፉ የደን አገልግሎቱ ገምቷል። ከሞት የተረፈው ዛፍም ሥሩ ቀንሷል፣ ውስጡም ሃይፖክሲሎን ለሚባለውና ደካማ ኦኮችን ለሚጨርሰው ፈንገስ ተጋልጧል። ሂዩስተን በ2023 እስከዚያ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀውን በጋ አሳለፈች፤ በቀጣዩ ዓመት ሜይ 16 ቀን ዴሬቾ የሚባለው የነጎድጓድ ነፋስ፣ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥም ቤሪል ተከታተሉ። በዝናብ በራሰ ሸክላ ላይ የቆመ፣ ሥሩ ባለፈው ዓመት የደረቀ ዛፍ ምድብ አንድ በሆነ፣ ማለትም ከሀሪኬን ደረጃዎች ዝቅተኛው በሆነ ማዕበል ቢነቀል ሊያስደንቀን አይገባም።

ስለዚህ ዝናብ ለሁለት ሳምንት ያህል ካልዘነበ ዛፉን ያጠጡት። ግንዱ ሥር ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በታች ባለው ዙሪያ፣ ውሃ በሚያንጠባጥብ ጎማ፣ በዝግታና በጥልቀት። ሸክላ ውሃ ቶሎ አይቀበልም፤ ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ያቁሙና ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይቀጥሉ። ረጅም ጠመንጃ መፍቻ ያለ ትግል ስምንት ኢንች ያህል ከገባ በቂ ነው። በየጠዋቱ ለአሥር ደቂቃ የሚረጨው የሣር ስፕሪንክለር ለዛፉ አይጠቅምም፤ ግንዱን እየመታ የሚያረጥብ ከሆነም ይጎዳል። ከግንዱ ዙሪያ ሣሩን አንሥተው ከሁለት እስከ አራት ኢንች ውፍረት ያለው የእንጨት ፍርፋሪ ያልብሱ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ ጥቂት ኢንች ያርቁት። በየሰፈሩ የሚታየው፣ በግንድ ዙሪያ ኩይሳ መስሎ የተቆለለው ፍርፋሪ ቅርፊት ያበሰብሳል። ማዳበሪያ የአፈር ምርመራ ሳይደረግ አይጨምሩ፤ ሣር የሚመግብና አረም የሚያጠፋ ተብሎ በአንድ ከረጢት የሚሸጠውን ደግሞ በዛፍ ሥር ክልል ፈጽሞ አይበትኑ፤ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድለው መድኃኒት ሰፊ ቅጠል ያለውን ዛፍም ያውቀዋል።

ግራጫዎቹ ኳሶች ቦል ሞስ የሚባሉ ናቸው። በአገራችን የዛፍን ደም መጥጦ የሚኖረውን ተቀጽላ ስለምናውቅ ብዙ ሰው ያንን መስሎት ይደነግጣል፤ ቦል ሞስ ግን ቅርንጫፉን መቆሚያ ብቻ አድርጎ ውሃውንና ምግቡን ከአየርና ከዝናብ ያገኛል። በደረቁ ቅርንጫፎች ላይ መብዛቱ ቅርንጫፉ ቀድሞ ስለ ደረቀና ብርሃን ስለሚያስገባ ነው። ለእርሱ ብለው ገንዘብ አያውጡ።

ባለሙያ ስለ መምረጥ። ቴክሳስ ዛፍ ለሚቆርጥ ሰው የክልል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሞተር መጋዝና ፒክአፕ ያለው ሁሉ ነገ ሥራ መጀመር ይችላል። ስለዚህ ከዓለም አቀፉ የአርቦሪካልቸር ማኅበር የተሰጠ የምስክር ወረቀት ያለውን፣ ቢቻል በዛፍ አደጋ ግምገማ የሠለጠነውን ይፈልጉ፤ ቁጥሩንም በማኅበሩ መዝገብ ያረጋግጡ። ለምርመራው ክፍያ ጠይቆ የቆረጣውን ሥራ ራሱ የማይሸጥ ሰው ካገኙ ምክሩ ይበልጥ የሚታመን ነው። የኢንሹራንሱን ማስረጃ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ በቀጥታ እንዲላክልዎ ያድርጉ፤ ከጣሪያዎ በላይ የሚሠራ ሰው ቢወድቅ ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ እንዳይዞር። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቅ፣ አናት ለመቁረጥ የሚስማማ፣ ወይም ለመግረዝ ብቻ በጫማው ባለው የብረት ጥፍር ዛፉን እየወጋ የሚወጣ ሰው ሥራውን አያውቅም። ዛፉ በእግረኛ መንገዱ ዳር በከተማው ይዞታ ላይ የቆመ ከሆነ ለማስወገድ የከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለዎትም ደንቡን አስቀድመው ይዩ።

ዎተር ኦኩ እስኪወገድ ድረስ ማስጠንቀቂያ በተሰጠ ሌሊት እናትዎን በፊተኛው ክፍል ያስተኙ። ከማዕበል በኋላ የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካዩ አይጠጉት፣ ለኤሌክትሪክ ድርጅቱ ይደውሉ። የወደቀና የታጠፈ ግንድ እንደ ወጥመድ ኃይል ስለሚያጠራቅም መጋዝ ሲነካው ይፈናጠራል፤ እርሱንም ለሠለጠነ ሰው ይተዉት። አሁን ፀሐይ በወጣበት ቀን የሁለቱንም ዛፎች ግንድ፣ ግርጌና ትልልቅ ቅርንጫፎች ፎቶ አንሥተው ከቀኑ ጋር ያስቀምጡ፤ የኢንሹራንስ ጥያቄ ቢመጣ ዛፉ ቀድሞ ምን እንደሚመስል ማስረጃ ይሆንዎታል፣ በየዓመቱም ዘንበል ማለቱን ያወዳድሩበታል።

የዎተር ኦኩን ጉቶ ካስፈጩ በኋላ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ዛፍ አይትከሉ። ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ አርቀው፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በታች ያልሆነ ቦታ መርጠው፣ ውሃ የሚተኛበት ጓሮ ከሆነ ቦልድ ሳይፕረስ፣ ካልሆነ ማግኖሊያ በኖቬምበር ቢተክሉ ሥሩ ከበጋው ሙቀት በፊት ይይዛል። ሲተክሉም ግንዱ ወደ ሥር መስፋት የሚጀምርበት ቦታ ከአፈሩ በላይ መታየቱን ያረጋግጡ፤ ከችግኝ ጣቢያ ተቀብሮ የሚመጣ ከሆነ ትርፉን አፈር በእጅዎ አንሥተው ይትከሉት።